የጨፌ ቡርቃ ፖስታ

ጋሽ ቦጂያ ሞተው የተገኙት ከገዛ ባቡራቸው ሥር ነው። ባቡር ያልኩት የምሬን ነው፤ ግን ርዝመቱ ከአንድ ክንድ አያልፍም። ጌጃ ሰፈር፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት ውስጥ፣ ሰፊ የኮምፔንሳቶ ጠረጴዛ ላይ የጀሶ ተራራ፣ የሰጋቱራ ሣር፣ የክብሪት እንጨት ድልድይ አለ። በዚያ መሀል ከዘይት ጣሳ የተቆረጡ ፉርጎዎች ይዞራሉ። ሞተሩ ብቻ የውጭ ነው፤ አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ ዕቃውን ሲሸጥ ያገኙት። ሽማግሌው ከባቡር ሥራ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቀናቸውን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው የጨረሱት። ሰፈርተኛው መጀመሪያ ሳቀባቸው፣ ቀጥሎ ለመደው፣ በመጨረሻ እንግዳ ሲመጣ እያስጎበኘ ይኮራባቸው ጀመር።

ሐሙስ ማምሻውን ልጃቸው ኢሊሊ ሜክሲኮ አደባባይ ካለው ባንክ ከሥራ ስትመለስ «አባዬ» እያለች ገባች። መልስ የለም። በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ ጭንቅላታቸው ጠረጴዛው ጥግ ላይ በቡሎን ከታሰረው የብረት ማሰሪያ ሞርሳ በታች ነው፤ የብረቱን ጠርዝ ደም ነክቶታል። ዓይናቸው እንደተከፈተ ስለነበር ኢሊሊ ከደነችው። በኋላ አንዱ ፖሊስ «ለምን ነካሽ?» ብሎ ተቆጣት። አባቷን ነው እኮ የነካችው።

ጌጃ ሰፈር ቤቱ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ነው፤ አንዱ ቤት ሲያስነጥሱ ከሌላው ቤት «ይማርህ» ይባላል። በዚያው ከሰዓት የኢሊሊ እጮኛ በሱፍቃድ ከሽማግሌው ጋር ሲጯጯህ፣ ከዚያም በሩን ወርውሮ ሲወጣ ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም። ስለዚህ ብዙም ሳይጠየቅ አብነት ሰፈር ካለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ጥገና ሱቁ ተወስዶ ጣቢያ ገባ። ሰፈሩም ፈርዶ ጨረሰ።

ያልጨረሰችው ኢንስፔክተር ማናለብሽ ናት። ሃምሳን የተሻገረች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ በዚህም የተነሳ ደረጃ ባየች ቁጥር የምትነጫነጭ ሴት ናት። አስከሬኑ ለምርመራ ከመነሳቱ በፊት ደረሰችና «ሁላችሁም ውጡልኝ» ብላ በሩን ዘጋች።

ሽማግሌው ወደ ኋላ ነው የወደቁት። ፊታቸው ላይ ጭረት የለም፣ ልብሳቸው አልተቀደደም፣ የተሰረቀም የተሰበረም ዕቃ አይታይም። ከፊት ለፊት አንድ ጊዜ የተገፉ ይመስላል። ጣታቸው ንጹሕ ነው፣ ላምባ ላምባ ይሸታል፤ አጠገባቸው በላምባ የራሰ ጨርቅና የታጠበ የቀለም ብሩሽ ተቀምጧል። ማናለብሽ ያንን ሁሉ አይታ ወደ ጠረጴዛው ዞረች።

ባቡሩ ቆሟል። የቆመው ከአንዲት ትንሽ ፌርማታ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፤ የፌርማታዋ ግድግዳ ላይ በነጭ ቀለም «ጨፌ ቡርቃ» ተብሎ ተጽፏል። ከባቡሩ አንደኛው ፉርጎ በር ላይ አንድ ደቃቃ ሰው ዘንግ ይዞ ወደ ውጭ አዘንብሏል፤ ዘንጉ ጫፍ ያለው መንጠቆ ላይ የጥፍር ያህል ከረጢት ተንጠልጥሏል። ከሐዲዱ ዳር ደግሞ ክንድ ያለው ምሰሶ አለ። ክንዱ ቀይ ነው። ወደ ላይ ታጥፎ፣ ከምሰሶው ጋር በትንሽዬ ሽቦ ተቆልፏል።

ጎንበስ ብላ በጥፍሯ ጫፍ ነካችው። ቀለሙ ገና ያጣብቃል። መታጠፊያው ላይ የወተት ቆዳ መስሎ ተጨማዷል። ከምሰሶው ወደ ኋላ፣ ነጭ መስመር ከተሰመረበት አለፍ ብሎ ደግሞ፣ አሸዋው ላይ የደረቀ የኮላ ነጠብጣብ አለ፤ ሁለት ናት፣ ጎን ለጎን። አንድ ነገር እዚያ ተለጥፎ ቆሞ ነበር፤ ተነቅሏል።

ስትወጣ ኢሊሊ በር ላይ ቆማ አገኘቻት። አላለቀሰችም፤ እንባው ገና መንገድ ላይ ነው።

«ጉዳዩን የያዙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«በሱፍቃድ ገድሏቸው ከሆነ ይንገሩኝ። ካልገደለም ይንገሩኝ። ቅዳሜ ነው የምንቀብረው። መቃብሩ ላይ ከማን ጎን እንደምቆም ሳላውቅ አባቴን መቅበር አልችልም።»

«አንቺ ምን ይመስልሻል?»

«እንጃ። ግልፍተኛ ነው፤ ግን ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን ያዞራል። አንዴ አምነዋለሁ፣ አንዴ እጠረጥረዋለሁ። መጠርጠሬ ራሱ እየገደለኝ ነው።»

ማናለብሽ ቃል መስጠት አትወድም። የቀብር ቀን ግን የማይራዘም ነገር ነውና «እስከ ቅዳሜ» አለቻት።

ዓርብ ጠዋት በሱፍቃድን ከእስር ክፍል አስወጥታ ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው። እንቅልፍ አላየም፤ ሸሚዙ ተጨማዶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ እጁን ጉልበቱ መሀል ቀብሮ ነበር።

«ለምን ተጯጯሃችሁ?»

ዝም አለ።

«ዝም ካልክ ዝምታህን ነው ፍርድ ቤት ይዤልህ የምሄደው።»

«ምያለሁ። ለኢሊሊ አልነግርም ብዬ ምያለሁ።»

«እኔ ኢሊሊ አይደለሁም።»

ተነፈሰና «ሠርጉን አራዝሙት አሉኝ» አለ። «ለስንተኛ ጊዜ? 'በዚህ ቤት ያልተነገረ ነገር አለ፤ እሱ ሳይነገር የሠርግ ድንኳን አይተከልም' አሉ። ምንድን ነው ብላቸው 'ቀድሞ መስማት ያለበት የነገሩ ባለቤት ነው' አሉኝ። ያኔ ጮህኩ። ጮሄ ወጣሁ። ኢንስፔክተር፣ እኔ እጄን የማነሳባቸው ሰው አይደሉም። አባት የለኝም፤ 'ልጄ' ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

«ስትወጣ ምን እየሠሩ ነበር?»

«ያንን የፖስታ ምሰሶ ቀይ ቀለም እየቀቡ።»

«ክንዱ ይታጠፋል?»

«ምኑ?»

«የምሰሶው ክንድ።»

«አይ፣ ቋሚ ነው። ሽቦ ስዘረጋላቸው ሁለቴ በእጅጌዬ ገጭቼ ሰብሬባቸዋለሁ፤ ሁለቴም ልክ ልኬን ነግረውኛል። የሚታጠፍ ቢሆንማ አጥፌው አልሠራም ነበር?»

ማናለብሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረችውም፤ እሱም ለመጠየቅ አቅም አልነበረውም።

ከዚያ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደች። ጋሽ ሰላሁን ከድንኳኑ ጥግ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። የሟቹ የዕድሜ ልክ ጓደኛ ናቸው፤ አንዱ ባቡሩን ሲነዳ ሌላው በዚያው ባቡር የፖስታ ፉርጎ ውስጥ እየሠራ ጸጉራቸው የሸበተ። አጠገባቸው ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጋሽ ሰላሁን፣ እስቲ ይህን የፖስታ ነገር ያስረዱኝ። እኔ ከታክሲ ሌላ አላውቅም።»

«ጨፌ ቡርቃ ምናምኒት የሌላት ፌርማታ ናት። ተሳፋሪ ከሌለ አንቆምም፣ ቀስ ብለን እናልፋለን። የፌርማታው ሠራተኛ የፖስታውን ከረጢት ምሰሶው ክንድ ላይ ይሰቅላል። ከፉርጎው በር ያለው ሰው በመንጠቆ ይነጥቃል። በቃ፣ ይኸው ነው። ነጣቂው ቦጂያ፣ ነጂው እኔ፣ ሰቃዩ ሞቱማ።»

«ሞቱማ ማን ነው?»

ሽማግሌው ወደ ዋናው ቤት አዩ። «የኮከቤ ባል። ኮከቤ የቦጂያ እህት ናት። አንድ ቀን እዚያው ጨፌ ቡርቃ ባቡሩ መትቶ ጣለው። ልጅ አልወለዱም ነበር፤ ቦጂያ እህቱን ወደዚህ አመጣት። የኢሊሊ እናት በወሊድ ስትሞት ሕፃኗን ያሳደገቻት እሷ ናት።»

«እንዴት መታው?»

«ሰክሮ ሐዲድ ውስጥ ገባ ተባለ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ቦጂያ መሰከረ። በፉርጎው በር በኩል የነበረ እሱ ብቻ ነው።»

«እርስዎስ ምን አዩ?»

«ነጂ ፊት ለፊቱን ነው የሚያየው» አሉ ጋሽ ሰላሁን፣ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ እያዞሩ። ከአርባ ዓመት በላይ የተለማመዱት መልስ እንደሆነ ያስታውቃል።

«ሐሙስ መጥተው ነበር አሉ።»

«ለምሳ። ያንን ቦታ ጨርሶታል። ሞቱማን ሳይቀር ሠርቶታል፤ ከነሰማያዊ ኮፍያው፣ ከነጭ መስመሩ በስተኋላ፣ ባቡር ሲያልፍ ሰው በሚቆምበት ቦታ አቁሞታል። 'ባቡሩን አንተ ንዳልኝ' አለኝ። አላስቻለኝም፣ ትቼው ወጣሁ። ብነዳለት ኖሮ ብቻውን አይሆንም ነበር።»

«ከረጢቱ ከተነጠቀ በኋላ ክንዱ ምን ይሆናል?»

«እሱን እንኳ አላውቅም። ስንደርስ ተዘርግቶ ነው የምናገኘው። ካለፍን በኋላ ማን ዞሮ ያየዋል?»

እትዬ ኮከቤ ከለቀስተኛው መሀል ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን እንደ ኀዘንተኛ ዘቅዝቀዋል፤ ቀኝ እጃቸው ነጠላው ውስጥ ነው። ማናለብሽ ሴቶቹ ሰብሰብ ሲሉላት ጉልበቷን እያሻሸች አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እትዬ ኮከቤ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ሐሙስ የት ነበሩ?»

«ማድ ቤት፣ ምስር እለቅም ነበር። ልጁ ሲጮህ ሰምቻለሁ። ይጮሃል እንጂ ክፉ አይደለም። ልቀቁት፣ እሱ አልገደለም።»

«ማን ነው ታዲያ?»

«እስቲ መጀመሪያ ወንድሜን ልቅበር። ከዚያ የፈለግሽውን ትጠይቂኛለሽ።»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣም ፍርሃትም የለም፤ ድካም ብቻ ነው። ማናለብሽ አላስጨነቀቻቸውም። «ጨፌ ቡርቃ ምን ይመስል ነበር?» አለቻቸው እንጂ።

የአሮጊቷ ፊት ሳይፈልጉ ፈታ አለ። «ሁለት ክፍል ቤትና አንድ ግራር። ሌላ ምን አለ? ሙቀቱ ያቃጥላል፣ ውኃ በበርሜል ነው የሚመጣልን። ግን በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሞቱማን ወባ ሲጥለው ከረጢቱን እኔ እሰቅል ነበር። ባቡሩ ሲያልፍ ቀሚሴን ይገልበዋል፣ እሱ አልጋው ላይ ሆኖ ይስቅብኛል።»

«ካለፈ በኋላስ?»

«ክንዱን አጥፎ በሽቦ መቆለፍ ነዋ። ተዘርግቶ ከቀረ በመስኮት አንገቱን ያወጣ ተሳፋሪ ይመታል። ሞቱማ በዚህ ቀልድ አያውቅም፤ 'ፖስታው ከሄደ ክንዱ አይዘርጋ' ብሎ ሲጨቀጭቀኝ ኖሮ፣ በኋላ እኔው ብሼ በእንቅልፍ ልቤ አጥፍ ነበር።» ግራ እጃቸው አየር ላይ አንድ ነገር ወደ ላይ አጥፋ ቆለፈች። ቀኟ ከነጠላው አልወጣችም።

«ሰክሮ ነበር የሚሉትስ?»

«ይሉ ነበር» አሉ እትዬ ኮከቤ።

ስትወጣ ኢሊሊን በሩ ላይ አገኘቻት። «አባትሽ ሐሙስ ደውለውልሽ ነበር?»

«በቴሌግራም ፎቶ ልከውልኝ ነበር። 'ዛሬ የጨፌ ቡርቃ ፖስታ ይወጣል' ብለው። ሥራ በዝቶብኝ ልብ ብቻ ላኩላቸው።» ስልኳን ሰጠቻት። እዚህ ላይ ነው እንባዋ የደረሰው።

ፎቶው ላይ ክንዱ ተዘርግቷል፣ ከረጢቱ ተሰቅሏል፣ ቀዩ ቀለም በመብራቱ ያብረቀርቃል። ከነጭ መስመሩ በስተኋላ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገ ትንሽ ሰው ቆሟል። ማናለብሽ ረጅም ጊዜ አየችው። ነገሩ ገብቷታል፤ ባይገባት በወደደች ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አስከሬኑ ከሆስፒታል ከመምጣቱ በፊት ሁሉንም ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኢሊሊ በሩ አጠገብ ቆመች። እትዬ ኮከቤ ያለችው አንዲት ዱካ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ሰላሁን ግድግዳ ተደገፉ። በሱፍቃድ ከአንድ ፖሊስ ጋር ገባ፤ ኢሊሊን አይቶ አንገቱን ደፋ፣ እሷም አየት አድርጋው መሬት መሬት አየች። ከማዶ የከተማው ቀላል ባቡር ሲያልፍ ቤቱ ትንሽ ነዘረ።

«አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ» አለች ማናለብሽ። «ይህን ክንድ ማን አጠፈው?»

ሁሉም ወደ ምሰሶው አዩ።

«ጋሽ ቦጂያ ሐሙስ ከሰዓት ለኢሊሊ ፎቶ ልከዋል። ፎቶው ላይ ክንዱ ተዘርግቷል፣ ቀለሙ እርጥብ ነው፣ ከረጢቱ ተሰቅሏል። እሳቸው ሲገኙ ግን ከረጢቱ ባቡሩ መንጠቆ ላይ ነው። ስለዚህ ከፎቶው በኋላ ባቡሩን ነድተዋል፣ ፖስታውን ነጥቀዋል፣ ትንሽ አሳልፈው አቁመዋል። እስከዚያ ድረስ በሕይወት አሉ። ታዲያ ክንዱን ማን አጠፈው? መታጠፊያው ላይ ቀለሙ ተጨማዷል። ሳይደርቅ ነው የታጠፈው።»

«እሱ ራሱ ይሆናላ» አሉ ጋሽ ሰላሁን።

«ሲቀባ የዋለ ሰው እርጥብ ቀለሙን በእጁ አያበላሽም። ጣታቸውን አይቻለሁ፤ በላምባ ታጥቦ ንጹሕ ነበር። ያንን ክንድ የነካ ሰው ግን ቀይ ቀለም ሳይነካው አይቀርም።»

ወደ በሱፍቃድ ዞረች። «ይህ ልጅ ክንዱ እንደሚታጠፍ አያውቅም። ሁለቴ ገጭቶ ሰብሮታል፤ መታጠፊያ እንዳለው ያወቀ ሰው ከመንገዱ አጥፎ ይሠራል እንጂ እየሰበረ አይሰደብም። ደግሞ ሰው ገድሎ የሚሸሽ ሰው ቆሞ የመጫወቻ ምሰሶ አያስተካክልም። ይህን ያደረገ ሰው አስቦ አይደለም። እጁ ነው ያደረገው፤ ልማድ ነው።»

ኢሊሊ በረጅሙ ተነፈሰች። ከሐሙስ ወዲህ አየር ያገኘች መሰለች።

«ጋሽ ሰላሁን በዚያ መስመር ዕድሜያቸውን ሙሉ ነድተዋል፤ የክንዱን መታጠፍ ግን አያውቁም። ባቡር ላይ ያለ ሰው ክንዱን የሚያየው ተዘርግቶ ሲጠብቀው ብቻ ነው። ጋሽ ቦጂያም ባቡር ላይ ነበሩ፤ መታጠፊያውን ለመልክ ቢሠሩለትም ማጠፍ ልማዳቸው አልነበረም፤ ልጁ ሁለቴ የገጨው ሁሌም ዘርግተው ስለሚተዉት ነው። ባቡሩ ሲያልፍ መሬት ላይ የሚቀረው ሰው ነው የሚያጥፈው። ጨፌ ቡርቃ የኖረ ሰው።»

ኢሊሊ ከሁሉም ቀድሞ ገባት።

«አይሆንም» አለች። «ኢንስፔክተር፣ ይህንንስ አይበሉኝ።»

«ሌላም አለ» አለች ማናለብሽ፣ ድምፅዋ እየወረደ። «ከነጭ መስመሩ ኋላ አንድ ሰው ቆሞ ነበር፤ ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገ። ተነቅሎ ተወስዷል። ሌባ ቢሆን ሞተሩን ትቶ ጣት የማታክል እንጨት አይወስድም። የወሰደው የሚያውቀው ሰው ነው፤ የናፈቀው ሰው። እትዬ ኮከቤ፣ ቀኝ እጅዎን ያሳዩኝ።»

አሮጊቷ አልተከራከሩም። እጃቸውን ከነጠላው አወጡ፤ ከአውራ ጣታቸው ጥፍር ሥር ቀይ ቀለም አለ። የነጠላቸው ጫፍ ላይ ያለውን ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈቱ። የቋጠሮው ጨርቅ ቀልቷል። ውስጡ ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገው ትንሽ ሰው ነበር።

«ከረጢቱ ሲነጠቅ አየሁ» አሉ፤ የሚያወሩት ለኢሊሊ ነው። «'ነይ የጨፌ ቡርቃን ፖስታ ላሳይሽ' ብሎ ጠራኝ። ደስ አለኝ። ቤቴን ሠርቶልኛል፣ ግራሩን ሠርቶልኛል፣ ባሌን ሠርቶልኛል። ባቡሩን አቆመና 'ኮከቤ፣ ሞቱማ የት እንደቆመ አየሽ?' አለኝ። ከመስመሩ ኋላ ነዋ አልኩት። 'ያን ቀንም እዚያ ነው የቆመው' አለኝ። 'አልሰከረም። የጠጣሁት እኔ ነኝ። መንጠቆው ከረጢቱን ስቶ ኮቱን ያዘው። ጎትቼ ከባቡሩ ሥር የከተትኩት እኔ ነኝ' አለኝ።»

ጋሽ ሰላሁን ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ። የመጠጡን ሽታ ያውቁ ነበር፤ ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ።

«እታለም» ብላ ኢሊሊ አክስቷን ጠራች።

«ቆይ ልጨርስልሽ ልጄ። ሞቱማ ጠላ እንኳ አይቀምስም ነበር። እኔ እያወቅኩ ወንድሜን አመንኩ። ወንድሜ አይዋሽም ብዬ ባሌን ተቀየምኩት። አርባውን አላወጣሁለትም። ሙት ዓመቱን አላሰብኩለትም። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የሁሉንም ሙታን ስም አስጠራለሁ፣ የሱን እዘላለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን የወንድሜን ቤት እየጠረግኩ 'አስጠጋኝ' ብዬ አመሰግነው ነበር። ያለቀስኩበት ቀን እንኳ የለም፤ ለሰካራም አላለቅስም ብዬ። ለቅሶዬን ነው የሰረቀኝ። ይቅር በይኝ ብሎ እጁን ሲዘረጋ ገፋሁት። እጁ እንዳይነካኝ ነው የገፋሁት። እንዲሞትማ እንዴት እፈልጋለሁ?»

«ከዚያስ?» አለች ማናለብሽ በቀስታ።

«ተንበርክኬ ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም። ከዚያ የማደርገው ጠፋኝ። ክንዱ ተዘርግቷል። አጠፍኩት። ባሌን ይዤ ወጣሁ።» ወደ በሱፍቃድ ዞሩ። «አንተን ሁለት ሌሊት አሳሰርኩህ። ልናገር ነበር። ግን እኔ ከታሰርኩ ለወንድሜ ማን ያለቅስለታል? ከኔ ሌላ እህት የለው። ገዳዩም እኔ፣ አልቃሹም እኔ ሆንኩኝ። ካስቀበርኩት በኋላ በገዛ እግሬ እመጣ ነበር።»

ግልፍተኛው ልጅ ሄዶ ዱካቸው አጠገብ ቁጢጥ አለ። ኢሊሊ ከበሩ አልተነቃነቀችም።

ማናለብሽ ትንሹን ሰውና ነጠላውን ለማስረጃ መውሰድ ነበረባት፤ ወሰደች። ሕግ ሕግ ነው፣ ግን እጇ ሲቸኩል አልታየም። ቀብሩ እስኪያልቅ ካቴና እንዳይገባ አዘዘች። አንዱ ባልደረባዋ ሊከራከር ሲል «ጉልበቴን አሞኛል፣ አታድርቀኝ» ብላ ዝም አሰኘችው።

ቀብሩ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እትዬ ኮከቤ ነጠላ ሳያደርጉ፣ በሻሽ ብቻ፣ ሲቪል በለበሱ ሁለት ሴት ፖሊሶች መሀል ቆመው አለቀሱ። ወንድማቸውን በስሙ እየጠሩ አለቀሱለት፤ ደግነቱን፣ ቤቱን፣ ያሳደገውን ልጅ እየጠሩ። መሀል ላይ «ሞቱማዬ» አሉ። የሰማ ሁሉ ኀዘን አደናገራቸው ብሎ አዘነላቸው። እሳቸው ግን አልተደናገሩም፤ ሁለት ሬሳ በአንድ ቀን እየቀበሩ ነበር።

ኢሊሊ ከበሱፍቃድ ጎን ቆማለች። ክንዷን ይዟታል፤ ያ ጥርጣሬዋ ከላይዋ ወርዷል። ስለ እሱ የፈራችው ሁሉ ሐሰት ሆነ፤ ያላሰበችው ደግሞ እውነት ሆኖ ከመቃብሩ ማዶ ያለ ነጠላ ቆሟል። አፈሩ ሲመለስ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላ አላየቻቸውም።

ሕዝቡ ሲበተን ሴት ፖሊሶቹ እትዬ ኮከቤን ወደ መኪናው ወሰዷቸው። አንድ እግራቸው እንደገባ ኢሊሊ ከበሱፍቃድ እጅ ወጥታ መጣች። ማናለብሽ ልትከለክላት ነበር፤ ተወቻት። ልጅቷ የራሷን ነጠላ ከትከሻዋ አውርዳ አሮጊቷን አለበሰቻቸው፣ የነጠላውን ፊት አስተካከለች፣ ጫፉን ወደ ትከሻቸው መለሰች። እትዬ ኮከቤ «ይበርድሻል» አሉ። መኪናው ሄደ።

ከቀብር መልስ ሰዉ እጁን ታጥቦ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ። ወሬው ገና አልደረሰም፤ ጌጃ ሰፈር ለመጀመሪያ ጊዜ ዘገየ። እንዳለች የምትባል ጎረቤታቸው ከኢሊሊ አጠገብ ተቀምጣ ትከሻዋን ዳበሰቻት።

«ነጠላሽስ ልጄ? ኀዘንተኛ እኮ ነሽ፣ እንዲህ ባዶሽን ትቀመጫለሽ?»

ኢሊሊ በሕፃንነቷ አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ አክስቷን «እታለም» ስትል ነው የኖረችው።

«ለእናቴ ሰጠኋት» አለች።